የፈረሰው ማድ ቤት ግብር

እናቴ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሌለ ማድ ቤት ግብር ስትከፍል ኖራለች። ቀልድ አይደለም። ማድ ቤቱ የጭቃ ነበር፤ ከዋናው ቤት ጀርባ። በ2009 ክረምት ዝናቡ አንዱን ግድግዳ ጣለው፣ የቀረውን ሰው ላይ ሳይወድቅ እኛው አፈረስነው። አሁን ቦታው ላይ ጎመንና ጤና አዳም በቅሏል። የግብር ፋይሉ ላይ ግን ማድ ቤቱ እንደቆመ ነው። 4 በ5። ቆርቆሮ ክዳን። ሁኔታ፦ ደህና።

ያወቅነው ባለፈው ክረምት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ሒሳብ አስተምራለሁ፣ እማ ደሴ ሳላይሽ ነው የምትኖረው። ሌላ ጊዜ ግብሩን ራሷ ሄዳ ነበር የምትከፍለው፤ ያን ጊዜ ግን ጉልበቷ አስቸግሯት እኔን ላከችኝ። በጠዋት ሚኒባስ ይዤ የሀረጎን ዳገት ወጣሁ። የነሐሴ ጉም አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ሾፌሩ በግምት ነበር የሚነዳው። ደሴ ስደርስ የጦሳ ተራራ የት እንዳለ እንኳ አይታይም።

የግብር ቢሮው ውስጥ ያለችው ልጅ ፋይሉን አወጣችና ጮክ ብላ ታነባለች። «ዋና ቤት፣ ብሎኬት። ሰርቪስ፣ ጭቃ። ማድ ቤት፣ ጭቃ።»

«የምን ማድ ቤት?» አልኳት።

«እዚህ አለ።»

«እዚያማ የለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሰው በጠዋት ተነስቶ ቤቴ ጎድሏል ብሎ ሲመጣ መጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ብዙውን ጊዜ የሚደበቀው የተጨመረው ነው። ማመልከቻ ጻፍ፣ ባለሙያ ወጥቶ ያያል አለችኝ። መቼ? ተራ አለ። እሺ፣ ጻፍኩ።

ማታ ቁጭ ብዬ ማድ ቤቱ በስምንት ዓመት ስንት ብር እንዳስወጣን አሰላሁ። አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም! እማ ሳቀች። «ለዚህ ነው ቀንህን ያቃጠልከው?» እውነቷን ነው። ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ለምን እንዳልለቀቀኝ ለማስረዳት ደግሞ ይሄ ግብር እንዴት እንደሚሰላ መናገር አለብኝ፣ ታገሱኝ።

እኛ «የጣሪያና ግድግዳ» የምንለው ግብር መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል። (አያቴ 2 ቤት ነበረው። አንዱ ቀረለት፣ ሌላው የቀበሌ ቤት ሆነ። እስከሞተበት ቀን ድረስ በዚያ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።) የ1968ቱ አዋጅ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ቦታው የመንግሥት ስለሆነ ለቦታው ዓመታዊ ኪራይ ትከፍላለህ፤ ቤቱ ያንተ ስለሆነ የቤት ግብር ትከፍላለህ። የቦታው ኪራይ በደረጃና በካሬ ሜትር ነው። የቤቱ ደግሞ ቤቱ በዓመት ቢከራይ ስንት ያወጣል ተብሎ ይገመትና ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ይከፈልበታል። ኪራዩ በዓመት ከ300 ብር የማይበልጥ መኖሪያ ቤት ጭራሽ አይከፍልም። በወር 25 ብር ማለት ነው። በ25 ብር የሚከራይ ቤት! ዛሬ በዚህ ብር አንድ ስኒ ማኪያቶ ይገኝ ይሆን?

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቁልፉ ያለው «ግምት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ከተሞች ያንን የኪራይ ግምት ለብዙ ዓመታት ሳይነኩት ኖሩ። ብሩ ወደቀ፣ ኪራይ ሰማይ ነካ፣ ግምቱ ግን ባለበት ቁጭ አለ። ስለዚህ ግብሩ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሄዶ ደረሰኙ የታተመበትን ወረቀት የማያዋጣበት ደረጃ ደረሰ። አዲስ አበባ በ2015 ግምቱን ስታሻሽል ሰው ለምን እንደጮኸ የገባኝ በኋላ ነው። የ1968ቱ ስሌት አስቦት የማያውቀው የኪራይ ዋጋ ነዋ ድንገት የገባበት።

ስለዚህ እስከዛሬ የእናቴ ማድ ቤት ስህተት የማይጎዳ ስህተት ነበር። በትንሽ ቁጥር የተባዛ ስህተት ነው። አሁን ግን የሚባዛበት ቁጥር ሊለወጥ ነው።

በ2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፤ ቁጥር 1365/2017። ይህን ታክስ የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ቀደም ብሎ ተወስኖ ስለነበር የፌዴራሉ አዋጅ አጥሩን ነው ያጠረው፤ በአጥሩ ውስጥ ስንት እንደሚከፈል የሚወስኑት ክልሎችና ከተሞች ናቸው። ትልቁ ለውጥ ኪራይ የሚባለው ነገር ቀርቶ የገበያ ዋጋ መምጣቱ ነው። ቤትህ ቢከራይ ስንት ያወጣል ብሎ የሚጠይቅህ የለም፤ ቤትህና ቦታህ ስንት ያወጣል ነው ጥያቄው። ታክስ የሚሰላው ግን በሙሉ ዋጋው ላይ አይደለም፣ በሩቡ ላይ ነው። 25 በመቶ። በዚያ ሩብ ላይ ለመሬት መጠቀሚያ መብቱ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንፃው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ።

ጎረቤታችን ይህን ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና «ቆይ፣ መሬቱ የመንግሥት ነው አይደል እንዴ? የሰው ዕቃ ላይ እንዴት ነው እኔ ታክስ የምከፍለው?» አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የጠየቁትም እሳቸው ብቻ አይደሉም። መልሱ፣ የሚታከሰው መሬቱ ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው የሚል ነው። እሳቸው ይህን ሰምተው «እሱማ የቃላት ጨዋታ ነው» አሉ። እኔም ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። በሊዝ የገዛ ሰው ደግሞ ከዚህ በላይ ያማርራል፤ ዋጋውን በጨረታ ከፍሎ ገና ያልጨረሰ አለ።

እስቲ እናስላው። አንድ ቤት ከነቦታው 4 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። (የእኛ ነው አላልኩም፣ ደላላ እንዳይደውልልኝ።) ቦታው 2.4 ሚሊዮን፣ ግንባታው 1.6 ሚሊዮን። ሩባቸው 600 ሺህና 400 ሺህ ይሆናል። ከተማው ዝቅተኛውን ተመን ከመረጠ ለቦታው 1,200 ብር፣ ለቤቱ 400 ብር፣ ድምሩ 1,600 ብር በዓመት። ከፍተኛውን ከመረጠ 6,000 እና 4,000፣ በድምሩ 10,000 ብር። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ ያው አዋጅ። ልዩነቱ ከስድስት እጥፍ በላይ። ስለዚህ ሰው «አዋጁ ስንት ነው የሚለው?» ብሎ ሲጠይቀኝ አዋጁ ስንት እንደሚል ሳይሆን የከተማህ ምክር ቤት ስንት እንደሚል ጠይቅ ነው የምለው። ያ ስብሰባ ነው ቁም ነገሩ። ቲቪ ላይ የማይታየው።

ማድ ቤቱንም በዚህ መንገድ አየሁት። 20 ካሬ ነው። ለካሬው 5,000 ብር ቢገመት 100 ሺህ ብር፣ ሩቡ 25 ሺህ፣ በከፍተኛው ተመን 250 ብር በዓመት። በስምንት ዓመት 2,000 ብር። ለጎመን! ይሄ ትንሽ ነው ካላችሁኝ፣ ካርታው ላይ ቦታው 50 ካሬ በዝቶ የተጻፈበት ሰው አለ፤ እሱን ጠይቁት።

ለእህቴ ነገርኳት። ካሊፎርኒያ ነው ያለችው፣ ቤት ገዝታለች፣ ስለ ቤት ግብር ካነሳሁባት ስልኩን አትዘጋም።

«0.25 በመቶ ማለት እኮ ነው!» አለችኝ። እውነት ነው፣ የሩብ 1 በመቶ ከሙሉ ዋጋው 0.25 በመቶ ነው። «እኔ 1 በመቶ ነው የምከፍለው፣ ከነተጨማሪው ከዚያም ያልፋል። ምንድን ነው የምታማርሩት?»

እዚህ ላይ ተከራከርን። እሷ የምታየው በመቶኛውን ነው፣ እኔ የማየው ኪሱን። እሷ አገር የቤት ዋጋና የሰው ደመወዝ ቢራራቅም የሚተያይ ነገር ነው። እኛ ጋ እማ በጡረታዋ ያንን 4 ሚሊዮን ብር ቤት ልትገዛ ብትነሳ ስንት መቶ ዓመት እንደሚፈጅባት ማስላት ራሱ ነውር ነው። ቤቱን አባቴ ነው የሠራው፣ ብሎኬቱን አንድ በአንድ እየገዛ። ከዚያ በኋላ አካባቢው ተለወጠ፤ አስፋልት መጣ፣ ከማዕዘኑ ላይ ሆቴል ተጀመረ። ቤቱ ሀብታም ሆነ። እማ ግን ያው ናት። ያው ጡረታ፣ ያው ጎመን። ኮምቦልቻም ያው ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ፣ አንድም ቀን ፋብሪካ ረግጦ የማያውቅ ሰው ቦታው ስንት እንዳወጣ ከደላላ ነው የሚሰማው። ካልሸጠው በቀር ያ ዋጋ ኪሱ አይገባም፤ ከሸጠው ደግሞ የት ይኖራል?

እህቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እኛም ጋ በዚህ ነው የተጣሉት» አለች።

ታሪኩ ደስ ስለሚል ልንገራችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ የቤት ዋጋ ሲተኮስ ግብሩም አብሮ ተተኮሰ። ቤታቸውን ዕድሜ ልክ የከፈሉ አዛውንቶች በግብር ምክንያት ሊያጡት ደረሱ። ሕዝቡ በሰኔ 1978 ድምፅ ሰጥቶ ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለውን አጸደቀ። ነገሩ አጭር ነው፦ መሠረታዊው ተመን ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ግምቱ ደግሞ አንዴ ቤቱን ስትገዛ ይያዝና ከዚያ በኋላ ገበያው የፈለገውን ቢል በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ቤቱ ባለቤት ሲቀይር ነው በአዲሱ ዋጋ እንደገና የሚገመተው፤ አዲስ ግንባታ ከተጨመረበትም የተጨመረው ይገመታል።

ታዲያ ምን ሆነ? በዚያ ዓመት 60 ሺህ ዶላር የተገመተ ቤት በየዓመቱ 2 በመቶ ቢጨመርበት ከ45 ዓመት በኋላ 146 ሺህ ገደማ ነው። ግብሩ 1,460 ዶላር። ከአጥሩ ወዲህ ያለችው እህቴ ያንኑ ዓይነት ቤት 900 ሺህ ገዝታ 9,000 ትከፍላለች። አንድ መንገድ፣ አንድ የቆሻሻ መኪና፣ አንድ ትምህርት ቤት። «ጎረቤቴ ደግ ሴትዮ ናቸው፣ ኬክ ያመጡልኛል» ትላለች እህቴ፣ «ግን ኬኩን የምከፍለው እኔ ነኝ።» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ያንን ዝቅተኛ ግብር ላለማጣት ቤቱን አይሸጥም፤ ልጆቹ ወጥተው ባለ 4 መኝታ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀመጣል፣ ወጣቱ ቤት ያጣል።

ቦስተን ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። ማሳቹሴትስ በፈረንጅ 1980 ያወጣችው ሕግ የሚያስረው የአንድ ሰው ቤት ግምትን ሳይሆን ከተማው ከሁሉም ቤት በአንድነት የሚሰበስበውን ድምር ነው። አዲስ የሚገነባው ሳይቆጠር፣ ሕዝቡ ራሱ በድምፅ ካልፈቀደ በቀር ድምሩ በዓመት ከ2.5 በመቶ በላይ አይጨምርም። ይሄኛው እኔን በጣም ገረመኝ። ምክንያቱም የሁሉም ሰው ቤት እኩል ቢወደድ ከተማው ተመኑን ዝቅ ለማድረግ ይገደዳል እንጂ በዋጋ ንረት ብቻ ኪሱን አይሞላም። ቴክሳስ ደግሞ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር አስራለች፤ ግምቱ በጸደይ በፖስታ ሲመጣ ሰዉ የተሰነጠቀ ግድግዳና የሚያፈስ ጣሪያ ፎቶ አንስቶ ተቃውሞ ይዞ ይሄዳል። ዳላስ ያለ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። ቤቱን ሊያሳንሱለት ሲለምን የዋለ ሰው ማታ እኛ ጋ ደውሎ «ቤቴን ብታየው!» ይላል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቼ የገባኝ ነገር ቢኖር ተመኑን ማሰር ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። የእኛ አዋጅ ሩቡ ላይ ብቻ ይሰላ ማለቱ፣ ከ1 በመቶ አይለፍ ማለቱ ሁለት ደህና ገመድ ነው፣ አላጣጥለውም። ሦስተኛ ገመድ ግን እፈልጋለሁ፦ ግምቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል መዝለል እንደሚችል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሆቴል አልቆ ሲመረቅ የእማ ቦታ ዋጋ እጥፍ ቢሆን፣ ተመኑ ሳይነካ 1,600ው 2,800፣ 10,000ው 16,000 ይሆናል። እሷ አንድ ጡብ ሳትጨምር። እንደ ካሊፎርኒያ እስከ ዘላለም ይቆለፍ አልልም፣ ያ ሌላውን ይበድላል፤ በተለይ አዲስ ጎጆ የሚቀልሰውን። ግን በዓመት ይህን ያህል ብቻ የሚል ነገር ይኑረው። በራሱ ቤት ለሚኖር ጡረተኛ ደግሞ ቤቱ እስኪሸጥ ወይም እስኪወረስ የሚቆይ መንገድ ይፈለግለት። ይሄ እኮ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ በፈለገው ቀን በፈለገው መጠን ኪራይ እንዳይጨምር አስሯል። አከራይን ማሰር ከተቻለ ገማችን ማሰር አያቅትም።

ግብሩን ግን አልጠላም። ይህን የምለው በኮሜንት እንዳትሰድቡኝ ፈርቼ አይደለም። ደሴ ገደል ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ጎርፍ መውረጃው ካልተጠረገ የላይኛው ሰፈር ውኃ የታችኛውን ሰፈር ሳሎን ይገባል፤ በየክረምቱ አይተነዋል። ያንን የሚጠርግ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ከሰማይ የሚወርደው ዝናቡ ብቻ ነው። ብቻ የሚከፈለው ምን ላይ እንደዋለ ቢነግሩን። በዚህ ዓመት ከሰፈራችሁ ይህን ያህል ተሰበሰበ፣ ይህን ቱቦ ቀበርንበት ብለው አንድ ወረቀት በር ላይ ቢለጥፉ ግማሹ ሰው ሳይጠሩት ይሄዳል።

አንድ ነገር ላስገባ፣ ሰው ስለሚያምታታው። ቤት የምታከራዩ ሰዎች የምትከፍሉት የኪራይ ገቢ ግብር ሌላ ነው። እሱ የገቢ ግብር ነው፣ ሰንጠረዥ «ለ»፤ ካላከራያችሁ የለባችሁም። ይኼኛው ግን ብታከራዩም ባታከራዩም፣ ዘግታችሁት አረብ አገር ብትሄዱም ቤቱ ስላለ ብቻ የሚከፈል ነው። ጎረቤታችን አንዱን ከፍለው ሁለቱንም የጨረሱ መስሏቸው ውዝፍ ከነቅጣቱ መጥቶባቸዋል።

ወደ ማድ ቤቱ ልመለስ። ባለሙያው በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ ባጃጁ ዳገቱን እምቢ ብላው በእግሩ ነው የወጣው። በአንድ እጁ ሜትር፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለ ፋይል። ሜትሩ ከማርጀቱ የተነሳ መጀመሪያ ላይ ያለው ብረት ወልቆ ከ10 ሴንቲሜትር ነው የሚጀምረው። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ። 10ሯን መቀነስ እንዳይረሳ ስነግረው ፈገግ አለ። «አብሽር፣ ሁሌም እቀንሳለሁ» አለኝ። ሁሌም ይቀንስ እንደሆነ እሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት፤ እኔ አላውቅም።

«እናቴ፣ ማድ ቤቱ የት ነበር?»

እማ በከዘራዋ ጎመኑን አሳየችው። «ይኸው፣ ከዚህ እስከዚያ ግንድ። ምድጃው እዚህ ጋ ነበር።» ልጁ ጎመኑ መሃል ቆመና ዙሪያውን አየ። ጎንበስ ብሎ መሠረቱ ላይ የቀረ ድንጋይ ካለ ፈለገ። አንድ ሁለት አገኘ። ፎቶ አነሳ፤ እማ ፎቶው ውስጥ ላለመግባት ነጠላዋን ሰብስባ ሸሸች። ከዚያ ዋናውን ቤት ለካ። የሜትሩን ጫፍ እማ ነበረች ግድግዳው ላይ ይዛ የቆመችው፣ እኔ እይዛለሁ ብል እምቢ አለች። በሰሜን በኩል ያለውን ስንጥቅ አሳየሁት፤ በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ የመጣ ስንጥቅ ነው፣ በሲሚንቶ ብንሞላውም ተመልሶ ይከፈታል። የዳላሱን ጓደኛዬን አስታውሼ ነው ያሳየሁት። «ይሄ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለኝ። ቅጹን አየሁት፣ እውነቱን ነው። ለግድግዳ ዓይነት አለው፣ ለወለል አለው፣ ለክዳን አለው። ለስንጥቅ የለውም። «ሁኔታ» የምትል አንዲት ሳጥን ብቻ አለች፤ እሷ ላይ «መካከለኛ» ብሎ እንዲጽፍ ተስማማን።

እማ ቡናውን አቅርባ ነበር። አቦሉን ጠጥቶ ሊነሳ ሲል «ቶናው አልቀረም እንዴ ልጄ?» አለችው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ቶናውን እየጠጣ ወደ ፊት ለፊት ያያል። በረንዳውን ነው የሚያየው። ባለፈው ዓመት ነው ያሠራነው፣ እማ ፀሐይ የምትሞቅበት፣ በእንጨት ምሰሶና በአምስት ቆርቆሮ። ስኒውን አስቀመጠ። ፋይሉን ገለጠ፣ ወደ ኋላ ገለጠ።

«ይሄ በረንዳ ግን እዚህ የለም» አለ።

ሁላችንም በረንዳውን አየነው። ለመደበቅ አይመችም፣ እሱ ራሱ ከሥሩ ነው ቁጭ ያለው።

ለካው። 3 በ2 ተኩል። ማድ ቤቱን በአንድ ቀጭን መስመር ሰረዘ፣ ከሥሩ በረንዳውን ጻፈ። እማ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና በረካውን እየቀዳችለት ጠየቀችው።

«የማድ ቤቱ የስምንት ዓመቱስ ይመለስልኛል?»

«ማመልከቻ ይጻፉ እናቴ» አላት።